ከበሩ ግራና ቀኝ

ጡረታ የወጣ ሰው ያርፋል ይላሉ። እኔ ግን ተቀምጬ ማረፍ ካቃተኝ ሰንብቷል። ሠርግ ስጠራ ከዳሱ ገብቼ እንደ ሰው መብላት ትቼ በር በሩን አያለሁ፤ የገባውን ሰው ሁሉ ወገቡንና ብብቱን በዓይኔ እዳብሳለሁ። ቤተ ክርስቲያንም ስሄድ ደጀ ሰላሙ ላይ ነው የምቆም። ልጆቼ "አባባ፣ ኧረ እባክዎ ቁጭ ይበሉ" ይሉኛል። ቁጭ እላለሁ፤ እግሬ ግን ቁጭ አይልም። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ጎረቤቴ የአባቷን ወራሽነት ለማስመስከር "ምስክር ይሁኑኝ" ብላ ወረታ ፍርድ ቤት ይዛኝ ሄደች። በሩ ላይ ስንደርስ አንድ ጎልማሳ ጥበቃ "አባቴ፣ እጅዎን ወደ ላይ" አለኝ። ጢው የሚል መሣሪያ በብብቴ ሥር አሳለፈ፣ የጋቢዬን ጫፍ ገለጠ፣ ከዘራዬን ተቀብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ሥራውን በደንብ ነው የሠራ፤ አላስቀየመኝም። እኔ ግን ልቤ ድንግጥ አለ። ግማሽ ዕድሜዬን እዚያው በር ላይ ቆሜ የሰው ወገብ ስፈትሽ ኖሬ፣ እኔን አንድም ቀን እንዲህ የፈተሸኝ ሰው አልነበረም። እጄን ወደ ላይ አድርጌ ሳለሁ ዓይኔ በበሩ ግራ በኩል ሴቶቹን ወደምትፈትሸው ልጅ ሄደ። መነጽር ያደረገች ቀጭን ልጅ ናት። ሴቶቹ ተራ በተራ እየመጡ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ ትዳብሳቸዋለች፣ ያልፋሉ። ማንም ምንም አላላትም። እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ሴት ቆማ ያየሁ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጭራሽ ባሰብኝ። ጠዋት ተነስቼ ወረታን ከላይ እስከ ታች እዞራታለሁ። የሩዝ ወፍጮዎቹ ይጮሃሉ፤ የሩዙ ገለባ እንደ ኮረብታ ተቆልሎ ከሥሩ ይጨሳል፤ ባጃጁ፣ የጭነት መኪናው፣ የሽንኩርት ጆንያው መንገዱን ሞልቶታል። ያኔ እንዲህ አልነበረም። ያኔ መንገዱ ጠጠር ነው፤ መኪና ሲያልፍ አቧራው ከተማውን አልብሶት ይሄዳል። ሩዝ ገና እንግዳ ነው፤ የእኛ ፎገራ ማለት ከብት ነው፣ ጓያ ነው፣ ሽምብራ ነው። "ይኼ ነጭ ነገር ጠብ አይልም፣ የወፍ ቀለብ ነው" ብለው የሚስቁ ገበሬዎች ነበሩ፤ ዛሬ ልጆቻቸው በሩዙ ገንዘብ የቆርቆሮ ቤት ሠርተውበታል። የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት ጥግ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ በስሙኒ፣ ፓስቲ በዲናሬ፣ በአሥር ሳንቲም። ቴፑ ከጠዋት እስከ ማታ ይዘፍናል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ ድምፁ እየወፈረ፣ እየዘገየ ይሄድና ባለቤቷ ባትሪውን አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። ገበሬው ቁምጣውን ለብሶ፣ ኮንጎ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካበት በእጁ ይዞ፣ ጠመንጃውን በትከሻው አጋድሞ ይመጣል። ሐሙሲትና ይፋግ ገበያ ሲሆን ከተማው ጭር ይላል፤ የእኛ ፍርድ ቤት ግን ጭር ብሎ አያውቅም።

ፍርድ ቤቱ የጭቃ ቤት ነበር፤ ቆርቆሮው ዝናብ ሲመታው ዳኛውም ምስክሩም አፋቸውን ይዘው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቁ ነበር። አጥሩ ባሕር ዛፍ ነው። በሩ አጠገብ እኔና መሣሪያ የምንቀመጥባት ጠባብ ዘበኛ ቤት አለች። ወታደር ቤት ቆይቼ ስመለስ ነው የተቀጠርሁ፤ ካኪ ሰጡኝ፣ አንድ ዱላ ሰጡኝ፣ "መሣሪያ ይዞ የሚገባ እንዳይኖር" አሉኝ፤ በቃ። ባለጉዳዩ ምንሽሩን፣ ክላሹን፣ ጩቤውን፣ ሽመሉን እኔ ዘንድ አስቀምጦ ይገባል። ጠመንጃው ግድግዳውን ተደግፎ ሲደረደር እንደ ለቅሶ ቤት ጫማ ነበር የሚመስል። ሲወጣ "የኔ ያቺ ቀይ ጨርቅ የታሰረባት" ይለኛል፣ እሰጠዋለሁ። ሴት ግን ማንም አይፈትሽም ነበር። ኋላ አንዲት ሴት ለወንድሟ ጩቤ በነጠላዋ ሥር ደብቃ ገብታ ችሎት ውስጥ ደም ሊፈስ ሲል ለጥቂት ተረፈ። ያን ጊዜ "ሴት ፈታሽ ይቀጠር" ተባለ። የተቀጠረችው እንጉዳይ ናት።

እንጉዳይ ረዘም ያለች፣ ቀይ ዳማ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። ካኪ ጉርድ ትለብሳለች፤ ሹሩባዋን ቆቡ ሥር ትሸጉጠዋለች፤ ጥቁር ኮንጎ ጫማዋን በየማለዳው በእርጥብ ጨርቅ ትወለውለዋለች። እኔ ከበሩ በስተቀኝ፣ እሷ ከበሩ በስተግራ እንቆማለን። ሰው ሲያንስ እንጫወታለን። መሳቅ ትወዳለች፤ ስትስቅ ግን አፏን በእጇ ትይዛለች። አንድ ጊዜ ለምስክርነት የመጣ አዝማሪ በሩ ላይ ብዙ ቆሞ አያትና ሻይ ቤት ገብቶ መሰንቆውን አነሳ፦

እጅ ወደ ላይ ብላ ኪሴን ዳበሰችው፣
ቢላ ስትፈልግ ልቤን አገኘችው።

እሱን የፈተሽሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አልነካችውም። ግን ግጥሙ ከተማውን ዞረ። እሷን "ሰምተሻል ወይ?" ብላት "ውሸታም፣ ቢላም ልብም አልነበረው" አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። ያን ዕለት ማታ ግን ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ የምትስቅበት መንገድ ከፊቴ አልሄድ አለ። እንግዲህ እንዲህ ነው የጀመረኝ።

ጥቂት ወራት እንደሠራች፣ አንድ ቀን ከወንዛዬ በኩል የመጣች ሴት ተራዋ ደርሶ እጇን ልትዘረጋ ስትል የእንጉዳይን ፊት አየችና ወደ ኋላ አለች። "ይቺ የሸክላ ሠሪዋ የጥሩነሽ ልጅ አይደለችም ወይ?" አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው ከገበሬው ጎን ነው የሚኖር። ገበሬው ማረሻውን ከቀጥቃጩ ያሠራል፣ ሚስቱ እንስራዋን ከሸክላ ሠሪዋ ትሸምታለች፤ ማዕድ ላይ ግን አብረው አይቀመጡም፣ ልጅ ለልጅ አይሰጣጡም። ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። እኔም ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ የሴቶቹ ተራ ተበላሸ። አንዷ ሕፃኗን በነጠላዋ ሸፍና ታልፋለች፤ ሌላዋ "አሞኛል፣ እንዳትነኪኝ" ትላለች፤ ሌላዋ ፊቷን አዙራ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ እሳት እንደነካት ሁሉ ትፈተሻለች። እንጉዳይ አንድም ቃል አትመልስም። "እጅሽን ወደ ላይ፣ እመቤቴ" ትላለች፤ ትፈትሻለች፤ "እለፊ" ትላለች። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ዘበኛ ቤቷ ጀርባ ሄዳ ለብቻዋ ትቆም ጀመር። ሄጄ "አይዞሽ" ልላት ብዙ ጊዜ ተነሥቼ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጨርሰው ስለማላውቅ እመለሳለሁ።

ነገሩ ከጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጆሮ ደረሰ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጭቅጭቅ የሚፈራ ሰው ነበር። ጠርቶ "እንጉዳይ፣ ለአንቺም ይሻልሻል፤ ውስጥ መዝገብ ቤት ገብተሽ አቧራ እያራገፍሽ ብትሠሪ። ደመወዝሽ አይነካም" አላት። እኔ በሩ ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

"ጌታዬ፣ እኔ የተቀጠርሁ በሩ ላይ ነው" አለችው።

"ሕዝቡ ካልፈለገ ምን ላድርግ?"

"ሕዝቡ ፍርድ ይፈልጋል። ፍርድ የፈለገ በበሩ ይገባል። በሩ ላይ ነው የምቆም።"

ኃላፊው ተቆጣ እንጂ አላስገደዳትም። እሷም ወጥታ ቦታዋ ላይ ቆመች። የተሸጎጠ ሹሩባዋን ደጋግማ ስትሸጉጥ አይቼ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርሁ፤ ማየቴን እንዳታይ ነው።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አልብሶት ከርሞ ገና መሸሽ ጀምሯል። ርብ ሲሸሽ እንደ ገባ አይወጣም፤ ድንበሩን ደፍኖ፣ የአንዱን አፈር ለሌላው አሸክሞ ነው የሚሄድ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በእንዲህ ያለ ድንበር ሁለት ጎረቤታሞች ተጣልተው አንዱ አንዱን በጥይት ገደለው። የሟቹ ሚስት የሺወርቅ ትባላለች። ደህና ዘመድ፣ ደህና ከብት ያላት የባላገር ልጅ ናት፤ ያኔ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፣ ሁለት ሴቶች ልጆች ይዛ ቀርታለች። ገዳዩ ተይዞ በየቀጠሮው ከማረሚያ ቤት ይመጣል፤ እሷም በየቀጠሮው ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ከአባቷ ከአቶ ዋሴ ጋር ትመጣለች። ከዚያ በፊት ስትመጣ እንጉዳይን ዘላ ከወንዶቹ ጋር ተጋፍታ ትገባ ነበር፤ ሐዘንተኛ ናት ብሎ ሁሉም ዝም ይላታል። ያን ቀን ምስክር የሚሰማበት ቀን ነው። ሰው በጣም በዝቷል፤ የሟች ዘመድ በአንድ ወገን፣ የገዳይ ዘመድ በአንድ ወገን፣ ሁሉም እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። የሁለቱን ወገን ጠመንጃ ስቀበል ቤቷ ሞልታ ደጅ ላይ መደርደር ጀመርሁ። የሺወርቅ መጣችና እንደ ልማዷ ልታልፍ ስትል እንጉዳይ ከፊቷ ቆመች።

"እጅሽን ወደ ላይ፣ እመቤቴ።"

"አንቺ አትነኪኝም" አለች የሺወርቅ።

"እንግዲያው ማለፍ አይቻልም።"

"ባሌ የሞተብኝ እኔ ነኝ እኮ። ችሎቱ የኔ ነው።"

"አውቃለሁ፤ ነፍስ ይማር። ሳይፈተሽ የሚገባ ግን የለም። የዳኛው ሚስት ብትመጣም ትፈተሻለች።"

ሰዉ አጉረመረመ። ከወዲህም ከወዲያም "ሐዘንተኛ ትከልክል ደግሞ፣ እስቲ እዩዋት" የሚል ተሰማ። አቶ ዋሴ ወደ እኔ ቀረቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ አንተ ፈትሻት። አባቷ ፈቅጃለሁ" አሉኝ።

"አባቴ፣ ወንድ ሴት አይፈትሽም፤ ደንብ ነው" አልኋቸው።

"ደንብስ ሰው ያያል።"

"እሷም ሰው ናት፣ አባቴ" አልሁ። ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። እሳቸው ወደ ልጃቸው ተመለሱ።

በዚህ መሃል የእስረኛ መኪናው መጣ። ገዳዩን እጁን በካቴና አስረው፣ ሁለት ፖሊስ ይዘውት፣ በመሃላችን አሳልፈው አስገቡት። አንገቱን ደፍቶ አለፈ። የሺወርቅ ዓይኗ ከኋላው ተከተለው። ብዙ ሐዘንተኛ አይቻለሁ፤ ያንን ዓይነት እይታ ግን አላየሁም። ከውስጥ ጠሪው ወጣና የሟችን ወገን በስም ጠራ። ማንም አልገባም። እንደገና ጠራ። ፀሐዩ ያቃጥላል። የሺወርቅ አንዴ በሩን፣ አንዴ አባቷን ታያለች። ጠሪው ለሦስተኛ ጊዜ አፉን ሊከፍት ሲል እጆቿን ከባድ ሸክም እንደምታነሣ ቀስ አድርጋ ወደ ላይ አደረገች፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

እንጉዳይ ከትከሻዋ ጀምራ ወደ ታች ወረደች። ወገቧ ላይ፣ በጀርባዋ በኩል መቀነቷ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከበሩ ማዶ ሆኜ የእንጉዳይን ፊት አየሁት፤ ደሙ ሁሉ ሄዶ ነበር። ብትጮህ ምን እንደሚሆን አሰብሁ፤ የሁለቱ ወገን ሰው ጠመንጃው ደጅ ላይ፣ ከእጁ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነው። አልጮኸችም። መዳፏን ካረፈበት ሳታነሣ በሌላ እጇ የየሺወርቅን አንገት አቀፈችና ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ እንደሚታቀፍ ወደ ትከሻዋ አስጠጋቻት። በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት። ምን እንዳለቻት ከሰዓት በኋላ ጠይቄያት ነግራኛለች፦ "ልጆችሽን ለማን ሰጥተሽ መጣሽ?" ነው ያለቻት፤ ሌላ ምንም አላለችም። የሺወርቅ ሰውነቷ ሲላላ ከሩቅ ይታይ ነበር። ሰዉ ሐዘን የጸናባት መስሎት "አይዞሽ፣ አይዞሽ" አለ። እንጉዳይ አቅፋ፣ ደግፋ ወደ ዘበኛ ቤቷ አስገባቻትና ሰው እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "አያሌው፣ ወይዘሮዋ የሟች ባሏን መሣሪያ ማስቀመጥ ትፈልጋለች፤ ተቀበላት" አለችኝ። ገባሁ። የተጠቀለለ ጨርቅ ሰጠችኝ። ትንሽ ሽጉጥ ናት፤ ጎርሳለች። ጥይቷን አወጣሁ።

የሺወርቅ ችሎት ገብታ ተቀመጠች፤ ምስክሩ ተሰማ፤ ቀጠሮ ተሰጠ። ገዳዩ በሕይወቱ መጣ፣ በሕይወቱ ሄደ። ሲወጡ አቶ ዋሴን ለብቻቸው ጠርቼ ጨርቁን በእጃቸው አስቀመጥሁ። መዳፋቸው ላይ ክብደቱ ሲያርፍ ገባቸው፤ የበሩን እንጨት ያዙ። "እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ" አሉኝ፤ እኔን ነው ያሉኝ። "እሷን ነው ማመስገን" አልኋቸው። ወደ እንጉዳይ አዩና ጨርቁን ከልብሳቸው ሥር ሸጉጠው ፊታቸውን መለሱ። የሺወርቅም ደጁ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ እንጉዳይ ከራሷ ማሰሮ ውሃ ቀድታ አቀረበችላት። የሺወርቅ ጣሳውን አየች፣ እንጉዳይን አየች፣ "አልጠማኝም" አለች። እንጉዳይ ውሃውን መልሳ ማሰሮው ውስጥ ጨመረችው። ሰው እንዲህ በአንድ ቀን አይለወጥም፤ እኔም እንዲለወጥ ጠብቄ ነበር መሰለኝ፣ ተናደድሁ። እንጉዳይ ግን "ተዋት፣ ሐዘን ላይ ናት" አለችኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ ፍርድ በሚሰጥበት ቀን፣ የሺወርቅ በማለዳ መጣች። በሴቶቹ ተራ ከሁሉ ፊት ቆመች። ማንም ሳያዝዛት እጆቿን ወደ ላይ አደረገች። እንጉዳይ ፈተሸቻትና "እለፊ" አለቻት። ሁለቱም ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። ከኋላዋ የቆሙት ሴቶች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያ አንዷ እጇን አነሣች፣ ሌላዋም አነሣች። እሷ የባለጸጋ ልጅ ከተፈተሸች ሌላው ምን ይላል? ተከሳሹ ረጅም እስራት ተፈረደበት። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር ላይ "አትነኪኝም" የምትል ሴት እየተረሳች ሄደች። ዛሬ ያቺ መነጽር ያደረገች ልጅ በሰላም ስትፈትሽ ያ ሁሉ ትዝ ያለኝ ለዚህ ነው።

እኔ ግን ዕረፍት አላገኘሁም። በመጨረሻ ይፋግ ሄጄ ለእናቴ ነገርኋት። እንጉዳይን ላገባት እፈልጋለሁ አልኋት። እናቴ ባሏን ቀብራ ብቻዋን ያሳደገችኝ ሴት ናት። "ልጄ፣ ለቅሶዬን ባዶ ልታደርገው ነው ወይ? ስሞት ማን ይመጣልኛል?" አለችኝ። ዘመዶቼን ሽማግሌ ሁኑኝ ብዬ ለመንኋቸው፤ አንዱ እግሬን ያመኛል አለ፣ አንዱ የአዝመራ ጊዜ ነው አለ። ፊደል ያስቆጠሩኝ መሪጌታ ብቻ ናቸው እሺ ያሉኝ። "ከልጅነቷ ሜሮን የተቀባች፣ እንዳንተ የተጠመቀች ናት። ምን ጎደላት? እኔ እሄዳለሁ" አሉ። ሽማግሌ ስለጠፋ እኔም ተጨምሬ፣ ከእሳቸውና ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የጉማራን ወንዝ ተሻግረን በእግራችን ሄድን። መንደሩ ገና ከሩቅ የሸክላ መተኮሻው ጭስ ይሸታል። የእንጉዳይ እናት እማማ ጥሩነሽ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነበር፤ ታጥበው፣ ነጠላ ደርበው መጡ። መደብ ላይ አስቀመጡን። የሚበላ አላቀረቡም፤ እንደኛ ያለ ሰው እሳቸው ቤት እንደማይበላ ያውቃሉ። መሪጌታ "እማማ፣ ውሃ ጠምቶኛል" ብለው ጠየቁና እስከ መጨረሻዋ ጠጡ። ከዚያ ቆመው የመጡበትን ተናገሩ።

እማማ ጥሩነሽ ሰምተው ጨረሱ። "መሪጌታ፣ ውሃዬን ሲጠጡ አይቻለሁ፤ ዕድሜ ይስጥዎ" አሉ። "ልጄን ግን አልሰጥም። እሷን ወስዳችሁ፣ በተዝካሩ በሠርጉ ለብቻዋ ጥግ ልታስቀምጧት ነው። እኔ ልጄን ጥግ እንድትቀመጥ አላሳደግኋትም።" ሌላ ነገር አልጨመሩም። እንጉዳይ ጓዳ ነበረች፤ አልወጣችም። ተሰናብተን ወጣን። መንገድ ላይ መሪጌታ "ሴትዮዋ እውነቷን ነው" አሉ፤ እኔም እውነታቸውን ነው ብዬ አመንሁ። ሰኞ ሥራ ገባሁ፤ እንጉዳይም ገባች፤ እኔ በቀኝ፣ እሷ በግራ ቆምን። የእናቷን ቃል አክብሬ አላነሣሁባትም፤ እሷም አላነሣችም። ያ ዓመት ሳያልቅ ዝውውር ጠይቃ ሄደች። መሪጌታ አረፉ፤ እናቴም አረፈች፤ ለቅሶዋ ሙሉ ነበር። እኔም የልጆቼን እናት አገባሁ፤ ደግ ሴት ነበረች፣ በሰላም ኖርን፣ በሰላም ቀበርኋት።

ለጎረቤቴ የመሰከርሁ ዕለት ከፍርድ ቤቱ ስወጣ በሩ ላይ ዣንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ የድሮ ሰው አገኘሁ። ስለ ድሮው ስናወራ "እንጉዳይን እኮ ሐሙሲት አያታለሁ፤ ጡረታ ወጥታ ከአስፋልቱ ዳር ሸክላ ትቸረችራለች" አለኝ። ዘጠኝ ልቤ "ምን ያደርግልሃል" አለኝ፤ አንዱ ልቤ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድሁ። ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ የሩዙ ውሃ ያብለጨልጫል። ሐሙሲት ወርጄ ወደ ዳሩ ስመለከት ማሰሮና ድስት ተደርድሯል፤ ከበስተኋላው አንዲት ረጅም አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

"ማሰሮ ፈልገው ነው፣ አባቴ?" አለችኝ።

"የለም፤ መሣሪያ እንዳለሽ ልፈትሽ ነው የመጣሁ" አልኋት።

ብዙ አየችኝ። ከዚያ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። "አያሌው" አለች። ተነሥታ በርጩማውን ለቀቀችልኝ፤ እምቢ ብል በግድ አስቀመጠችኝ። ባሏ የዛሬ ሁለት ዓመት እንደሞተ፣ ሦስት ልጆች እንዳሏት፣ አንዷ ነርስ እንደሆነች ነገረችኝ። የኔንም ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። እንጀራ በሽሮ አስመጣችና አብረን በላን። የሺወርቅ ለልጇ ሠርግ ሰው ልካ እንደጠራቻት፣ ሄዳም ከሰው መሃል ተቀምጣ እንደበላች አጫወተችኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ደፍሬ "እናትሽ ያን ቀን ያሉት ነገር እውነት ነበር። ለዚያ ነው ቃላቸውን ያከበርሁ" አልኋት።

ማሰሮዎቹን ማስተካከል ጀመረች። አንዱን አንሥታ ሌላው ላይ ደፋችው።

"አያሌው፣ በእናንተ አገር ሽማግሌ ስንት ጊዜ ነው የሚላክ?" አለችኝ።

"ሁለትም ሦስትም ጊዜ። በመጀመሪያው እሺ የሚል ወላጅ የለም" አልሁና ቀሪው አፌ ላይ ቀረ።

"እናቴም የዚሁ አገር ሰው ናት" አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ስለ ሩቅ ዘመድ እንደምታወራ ነበር። "በሚቀጥለው እሁድ ይመለሳሉ ብላ ደጁን አስጠረገችኝ። ጠላ ጠመቀች፤ መሪጌታ ውሃ ከጠጡ ጠላም ይጠጣሉ ብላ። ከዚያም በኋላ ያለውን እሁድ ጠበቀች። ጠላው መቆምጠጥ ሲጀምር ጎረቤቱን ጠርታ አጠጣችው።"

ሚኒባሱ መጥቶ ረዳቱ "ወረታ! ወረታ!" ይላል። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። ስንት ነገር መጠየቅ ሲገባኝ፣ ብንመለስ እናትሽ እሺ ይሉ ነበር ወይ ማለት ሲገባኝ፣ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

"ጠላው ጥሩ ነበር ወይ?" አልኋት።

ወደ ሜዳው አየች።

"በጣም ጥሩ ነበር" አለችኝ።